ቅጠሉን ከመንቀላችን በፊት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የእጅ ሥራ ነው፤ ከቲማቲም ተክል ላይ ቅጠል ስለ መንቀል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ለማድረግም ሁለት ጣት ይበቃል። ነገር ግን የከተማ ግብርና በየሰፈሩ በተስፋፋበት በዚህ ጊዜ፣ ያለ ጊዜው የተነቀለ ቅጠል የሚያደርሰው ጉዳት ከውሃ ጥማት የሚያንስ አይመስለኝም። ውሃ የጠማው ተክል ጠውልጎ ይጣራል። ቅጠሉን የተነጠቀ ተክል ግን ዝም ብሎ ትንንሽና ውሃ ውሃ የሚል ፍሬ ያፈራል፤ ባለቤቱም ዘሩን ይወቅሳል።

ቲማቲሙ ወገብ ድረስ ሲደርስ ባለቤቱ ከጎረቤት ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ቅጠሉ በዝቶ ፍሬውን እየበላው ነው፣ አራግፈው» ይላል። ሌላው «ምኑንም አትንካ፣ ተፈጥሮ ራሷ ታውቃለች» ይላል። ሁለቱም የሚመክሩት በቅን ልብ ነው። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ፤ ይህ ቅጠል ዛሬ ምን እየሠራ ነው?

ተክል ከአፈር የሚያገኘው ውሃና ማዕድን ነው። አካሉን የሚገነባበትን ስኳር የሚያገኘው ግን ከቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር፣ ውሃን ከሥር ተቀብሎ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ስኳር ይሠራል። አንድ ኪሎ ቲማቲም ውስጥ ከ900 ግራም በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። የቀረው ጥቂት ክፍል፣ ጣፋጭነቱም ሆነ ሥጋው ያለበት፣ አብዛኛው ቅጠል ውስጥ ተሠርቶ የመጣ ነው። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ራሱም ጥቂት ይሠራል፤ ራሱን ለመቀለብ ግን ፈጽሞ አይበቃውም። በተለይ ለአንድ ዘለላ ብዙውን ስኳር የሚልኩት አጠገቡ ያሉት ቅጠሎች ናቸው። ስለዚህ ገና ትንንሽ ፍሬ የያዘ ዘለላ ከጎኑ ያለውን ቅጠል ሲያጣ የሚጎዳው እዚያው ነው።

ቅጠል ሁለተኛ ሥራም አለው። እንግሊዛዊው ቄስና ተመራማሪ ስቲቨን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1727 ባሳተመው መጽሐፍ ቅጠል ያላቸውንና ቅጠላቸው የተመለመለ ቅርንጫፎችን ውሃ ውስጥ አቁሞ የሚጠጡትን መጠን አነጻጽሯል። ቅጠል የሌላቸው የጠጡት ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነበር። ውሃን ከሥር ወደ ላይ በዋናነት የሚስበው፣ ከቅጠሉ ላይ በሚተነው ውሃ፣ ራሱ ቅጠሉ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ቅጠል የተነቀለበት ቲማቲም፣ ሥሩ እንደ ወትሮው ውሃ መግፋቱን ስለሚቀጥል፣ ያ ውሃ ወደ ፍሬው ያመራና ፍሬው ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ የተሰነጠቀ ቲማቲም ያያችሁ ብትኖሩ ዝናብን ብቻ ተጠያቂ አታድርጉ።

አሁን ወደ ጎረቤት ምክር ልመለስ። «የታችኛው ቅጠል ጥላ ውስጥ ሆኖ የፍሬውን ምግብ ይበላል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የሠለጠነ ባለሙያም ጭምር፣ የሚያምነው ነው። ስሕተት ነው፤ ለምን ስሕተት እንደሆነ ረጋ ብለን እንየው። ገና እየተዘረጋ ያለ ለጋ ቅጠል በእርግጥ ከሌሎች ስኳር ይቀበላል። አድጎ ከጨረሰ በኋላ ግን ከመላክ በቀር መቀበል አይችልም። ጥላ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ለራሱ ከሚያስፈልገው ቢያንስ እንኳ፣ ከሌላ ቅጠል ስኳር መጥቶለት አይኖርም። ደሞዙ አንሶ ለቤተሰቡ ምንም ባይልክም ከቤተሰቡም አንድ ሳንቲም እንደማይጠይቅ ልጅ ነው። ራሱን መቻል ሲያቅተው ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይረግፋል። ለፍሬው ምግብ ለማዳን ብሎ አረንጓዴ ቅጠል የሚነቅል ሰው ያዳነው ነገር የለም።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ቅጠል ሲያረጅ ይዞት የነበረውን ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ከመርገፉ በፊት እየፈታ ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ እነሱም ወደ አዲስ ቅጠልና ወደ ፍሬ ይሄዳሉ። ቀስ በቀስ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አረንጓዴው ማሽን እየተፈታ ዕቃው እየተጫነ ነው። ጤነኛ የታችኛ ቅጠል ቢጫ ሳይሆን የሚነቅል ሰው ከተክሉ ላይ ማዳበሪያ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ በሽታ የሌለበት የታችኛ ቅጠል ወደ ቢጫነት ከጀመረ ጨርሶ ቢጫ እስኪሆን ጠብቁት። ያን ጊዜ በጣት ጫፍ ሲነካ በቀላሉ ይለቃል።

ከዚሁ ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። ከታች ያሉት ቅጠሎች በብዛትና በፍጥነት ቢጫ ከሆኑ ተክሉ ናይትሮጂን እያነሰው ሊሆን ይችላል፤ ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ እየሰጠ ነው። ቢጫነቱ የጀመረው ከላይ፣ ከለጋው ቅጠል ከሆነና የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ከቀሩ ደግሞ የብረት እጥረት ይጠረጠራል፤ ብረት ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ ቅጠል መሻገር አይሆንለትምና። ቢጫዎቹን ሁሉ ነቅሎ ጓሮውን ያሳመረ ሰው ተክሉ የሚናገርበትን ምልክት አጥፍቶ ችግሩን ግን እዚያው ትቶታል። እባካችሁ ከመንቀላችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡት።

ሌላው የተለመደ ምክንያት «ፍሬው ፀሐይ አግኝቶ እንዲቀላ» የሚል ነው። ይህንንስ እናቶቻችን በወጥ ቤት ፉርሽ ያደረጉት ነው፤ ጉልምስ ያለ አረንጓዴ ቲማቲም ጨለማ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ይቀላል። የሚያበስለው ፍሬው ራሱ የሚያመነጨው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ነው፤ ብርሃን አይደለም። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን በደንብ የሚሠራው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ30 ሲያልፍ መሠራቱ ይዳከማል። በመቂና በዝዋይ የቀትር ፀሐይ ላይ የተጋለጠ ፍሬ ደግሞ ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ይሞቃል። ትከሻው ቢጫ ሆኖ የሚቀር ቲማቲም፣ አንድ ጎኑ ነጭ ሆኖ እንደ ብራና የሚደርቅ ቲማቲም፣ ብዙውን ጊዜ ጥላውን የተነጠቀ ነው። በቆላማው አካባቢ የምታመርቱ ከሆነ የፍሬውን ጥላ ጠብቁ ብዬ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ቅጠል መንቀል ምን ያህል ይጎዳል ለሚለው ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያገኘሁት ከበቆሎ ነው። በአሜሪካ በረዶ የበቆሎ ማሳ ሲመታ ኪሳራውን የሚተምኑ የሰብል መድን ባለሙያዎች ሰንጠረዥ አላቸው። መነሻው ሆን ተብሎ በተለያየ የዕድገት ደረጃ ላይ ቅጠል እየተነሣ ምርት የተለካባቸው ሙከራዎች ናቸው። በቆሎው ሰባት ቅጠል ባወጣበት ጊዜ ቅጠሉ በሙሉ ቢጠፋ የሚቀንሰው ምርት ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ገና ጊዜ ስላለው እንደገና ያቆጠቁጣል። ወንዴው አበባ ከጫፍ ብቅ ባለበት ጊዜ ቅጠሉ በሙሉ ቢጠፋ ግን ምርቱ በሙሉ ይጠፋል። የተነቀለው ያው ቅጠል፣ ተክሉም ያው በቆሎ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ጊዜው ነው።

የሐረርጌ ገበሬ ይህን ለማወቅ ሰንጠረዥ አላስፈለገውም። ማሽላና በቆሎውን አብዝቶ ይዘራል፤ እያደገ ሲሄድ እያሳሳ የነቀለውን ለሚያደልበው በሬ ይሰጣል። ሰብሉ እየገፋ ሲመጣ ደግሞ የታችኛውን ቅጠል እየመለመለ ያበላል፤ እሸቱን አቅፎ የያዘውንና ከዚያ በላይ ያለውን ግን ፍሬው እስኪጠና ያቆየዋል። ስሙ የታወቀው የሐረር ሰንጋ የሚደልበው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ይህ ዕውቀት የግብርና ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ደግሞ ከዚሁ ከአገራችን፣ ከሆለታ፣ ከሰበታና ከዝዋይ የጽጌረዳ እርሻዎች ነው። እዚያ አንድ ግንድ ቀጥኖ ወይም ጠሞ ለገበያ የማይሆን ከሆነ ቆርጠው አይጥሉትም። ጎንበስ አድርገው ወደ መተላለፊያው ያጋድሙታል፤ ሠራተኞቹ «ቤንዲንግ» ይሉታል። የተጋደመው ግንድ አበባ አይሰጥም፤ ቅጠሉ ግን መሥራቱን ይቀጥላል፣ ስኳሩም ከሥር ለሚወጣው ረጅምና ወፍራም የአበባ ግንድ ይሆናል። እያንዳንዱን ሳንቲም የሚቆጥር ንግድ የማይፈልገውን ግንድ እንኳ ለቅጠሉ ሲል እያኖረ እኛ በጓሯችን አረንጓዴ ቅጠል መሬት ላይ ስናራግፍ ልብ ልንለው ይገባል።

እንግዲህ እስካሁን አትንቀሉ ስል ቆየሁ። መንቀል የሚገባበት ጊዜ ግን አለ፤ በዚያን ጊዜ አለመንቀልም ያው ጥፋት ነው። ምክንያቱ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ እርጥበትና በሽታ።

የቲማቲም ቅጠልን ከሚያደርቁት በሽታዎች ብዙዎቹ ከታች ይጀምራሉ። በቅጠሉ ላይ ክብ በክብ ውስጥ ያለበት ቡናማ ነጠብጣብ የሚያሳየው ፈንገስ ባለፈው ዓመት ቅሪት ላይ አፈር ውስጥ ቆይቶ፣ ዝናብ ወይም የውሃ ማጠጫ ጠብታ መሬት ሲመታ ከጭቃው ጋር ፈንጥቆ የታችኛውን ቅጠል ያገኛል። ከዚያ ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ስለዚህ ተክሉ አድጎ የመጀመሪያውን ዘለላ ፍሬ ሲይዝ፣ መሬት የሚነኩትንና ከመሬት እስከ 30 ሳንቲሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ድረስ ያሉትን ቅጠሎች ማንሣት ተገቢ ነው። ተክሉ ገና ጉልበት ድረስ ሳይደርስ ግን አይደረግም፤ ያን ጊዜ ያለው ቅጠል ያ ብቻ ነው። ከዚሁ ጋር መሬቱን በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ብትሸፍኑት ጭቃው አይፈነጥቅም፤ እንዲያውም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ጉዝጓዙን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ ዘለላው መብሰል ሲጀምር ነው። ፍሬው ከቀላ በኋላ ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች ለእሱ የሚሠሩት ብዙ የለም። በሆላንድና በካናዳ የመስታወት ቤቶች ግንዱ በገመድ ተሰቅሎ ብዙ ሜትር ያድጋል፤ ሠራተኞቹም በየሳምንቱ ከሚበስለው ዘለላ በታች ሁለት ሦስት ቅጠል እያነሱ፣ በአንድ ተክል ላይ ሁልጊዜ ከ15 እስከ 18 አካባቢ የሚሆን ቅጠል ያቆያሉ። ከላይ በሳምንት ሦስት ያህል ስለሚወጣ የሚነሣውና የሚተካው ይመጣጠናል። ለጓሮም መመሪያው ይኸው ነው፤ አዲስ ከሚወጣው በላይ አታንሡ፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት ከሦስት አትለፉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን እያደገ ለሚቀጥለው ዓይነት ቲማቲም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ፍሎሪዳ አንድ ቲማቲም በተፈጥሮ ለውጥ ተገኘ፤ ግንዱ ጥቂት ዘለላ ካወጣ በኋላ ጫፉ ራሱ በአበባ ይዘጋና ማደጉን ያቆማል። ዛሬ ዓለም በሜዳ ላይ የሚያመርተው አጭርና ቁጥቋጦ መሰል ቲማቲም ይህን ባሕርይ የወረሰ ነው። በገበሬዎቻችን ዘንድ የታወቀው ሮማ ቪኤፍም ከዚህ ወገን ነው። እንዲህ ያለው ተክል የሚያወጣው ቅጠል የተወሰነ ነው፤ የተነቀለበትን የሚተካበት ጊዜ የለውም። መሬት የነካውንና የታመመውን ብቻ አንሡለት፤ ከዚያ ውጭ ተዉት። የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ተከታታይ ዘለላዎች መካከል ያሉትን ቅጠሎች ቁጠሩ። ሳያቋርጥ ሦስት ሦስት ከሆነ እያደገ የሚሄደው ነው። ወደ አንድና ሁለት ከወረደ የሚያቆመው ነው።

ከቅጠልና ከግንድ መገናኛ፣ ከብብቱ የሚወጣው ቡቃያ ሌላ ነገር ነውና ከቅጠል ጋር እንዳታሳስቱት። እሱ አድጎ ሁለተኛ ግንድ የሚሆን ነው። በድጋፍ ለምታሳድጉት ረጅም ዓይነት የጣት ርዝመት ሳይሞላ በጣት ቀንጥሱት፤ ቅጠሉን ግን እዚያው ተዉት።

አነቃቀሉም እንደ ጊዜው ሁሉ ያስጨንቀኛል። ቅጠሉ ላይ ጤዛ ወይም ዝናብ እያለ አትንኩ። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ጠዋት ሥሩት፤ ቁስሉ ቀኑን ሙሉ ደርቆ ያድራል። ቅጠሉን ከሥሩ ይዛችሁ ወደ ላይ ከፍ፣ ከዚያ ወደ ታች ጫን ስታደርጉት ከመጋጠሚያው ላይ ንጹሕ ሆኖ ይለያል። ጉቶ አታስቀሩ፤ ግራጫው ሻጋታ፣ ቦትራይቲስ የሚባለው፣ ወደ ግንዱ የሚገባው በዚያ በሚበሰብስ ጉቶ ነው። መቀስ የምትጠቀሙ ከሆነ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ አጽዱት፤ የባክቴሪያ በሽታ በመቀስ ይዛመታል። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የትምባሆ ሞዛይክ የሚባለው ቫይረስ በደረቀ ትምባሆ ውስጥ ዓመታት ሊቆይ የሚችል ሲሆን በጣት ወደ ቲማቲም ይሻገራል።

በክረምት ስለሚመጣው ክፉ በሽታ እውነቱን ልንገራችሁ። ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሙቅ ውሃ የተቀቀለ መስሎ የሚጠቁርበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን ለረሀብ የዳረገው ያው ተዋሲ ነው። እሱ የሚመጣው በነፋስ ነው፤ አንዴ ከገባ ቅጠል መልቀም አያቆመውም። የታመመውን ተክል ከነሥሩ አውጥቶ ማስወገድ የተረፈውን ለማዳን ይረዳል። አስቀድሞ ግን ተክሎቹን አራርቆ መትከል፣ በችካል ማቆምና ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከሥር ማጠጣት ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ ያደርጋል።

ይህ የአየርና የእርጥበት ምክንያት በሌላ ተክልም ተፈትኖ ያለፈ ነው። በካሊፎርኒያ የወይን ማሳዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች፣ አበባው እንዳለፈ በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል ማንሣት ግራጫውን ሻጋታ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ፀሐይ በሚበረታበት አካባቢ ያሉ ወይን አልሚዎች ግን የሚያነሡት የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ብቻ ነው፤ የከሰዓቱ ፍሬውን ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 ጀምሮ ሕግ በፈቀደባት በካናዳ ካናቢስ የሚያለሙ ኩባንያዎችም ዛሬ የሚከራከሩት ስለዚሁ ነው፤ አበባው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሻጋታ ያሰጋቸዋል። አንዳንዶቹ አበባው ከጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ትላልቆቹን ቅጠሎች ሁሉ ያራግፋሉ፤ ሌሎች የሸፈነውን ብቻ ያነሣሉ። ተክሉ በአገራችን የተከለከለ ነው፤ በሌላውም ዓለም ለብዙ ዘመን በሕግ ተከልክሎ ስለኖረ ምርምር ሳይሆን የአልሚዎች ወሬ ነው ያሳደገው። ከክርክራቸው የምወስደው ትምህርት፣ ሳይለካ የተወረሰ ልማድ በየትኛውም ተክል ላይ ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ ነው። የቅጠሉ አሠራር ግን እዚያም ያው ነው።

በመጨረሻ ስለ አንድ ተባይና ስለ ተነቀለው ቅጠል ልናገር። ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የቲማቲም ብል ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን፣ በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያ ገብታለች። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ሽፋኖች መካከል እየበላች ነጭ፣ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ትተዋለች። እንዲህ ያለውን ቅጠል አረንጓዴም ቢሆን ወዲያውኑ አንሡ፤ የምትጠብቁበት ምክንያት የለም። መሬት ላይ ግን አትጣሉት፤ ትሏ ወደ አፈር ወርዳ ተለውጣ ትወጣለች። በጥቁር ፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ ወይም በጥልቀት ቅበሩት። በሽታ የያዘውንም እንዲሁ። ጤነኛው ቢጫ ቅጠል ብስባሽ ጉድጓድ ይግባ። የሐረርጌውን በሬ አንሥቼ ነበርና በቤታችሁ ላምና በግ ያላችሁ አንድ ነገር አደራ፤ የቲማቲም ቅጠል መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ለከብት አይሰጥም።